ዘጠኝ ደቂቃ የተወደደ ድረ ገጽ

እማማ፣ ትራሱን ከጀርባዎ ትንሽ ከፍ ላድርግልዎ? እንዲህ ነው። ጉልበትዎንም ወደ ፀሐዩ መለስ ያድርጉት እስቲ፣ ዛሬ እንኳ በዚህ መስኮት ደህና ፀሐይ ገብቷል። ሻዩ ስኳር በዛበት እንዴ? አይ፣ ፊትዎን ቅጭም ሲያደርጉ አይቼ ነው። አባባ መቼም ጸጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ወሬው ካላለቀ አይነሱም፤ ጸጉሩማ ድሮ ነው ያለቀው። ይሳቁ እንጂ፣ እሳቸው የሉም።

ድምፄን ዝቅ ላድርግ? ለምን ብዬ! ልጅዎ እንደሆነ እዚያ ጥግ ላፕቶፑን ታቅፎ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ተቀምጧል፤ አይሰማንም። የማዳመጫው መብራት ጠፍቷል መሰለኝ… ባትሪው አልቆበት ይሆናል። ቢሆንም ሥራ ላይ ያለ ሰው ምን ይሰማል? ደግሞስ ምን የሚሰማ ነገር አወራንና? የሻይና የጉልበት ወሬ ነው።

ታች ሱቁ ዛሬ ጭር ብሏል። ትልቁን ልጅዎን መስታወቱን ሲወለውል ትቼው ነው የወጣሁት። ጠዋትም ወልውሎት ነበር እኮ፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልሆንልህ ብሎት ነው። አባባ ዛሬ ሲመለሱ ቃላቸውን ይሰጣሉ ተብሏል አይደል? ሱቁ ተዘግቶ መነጽሩ በኢንተርኔት ብቻ ይሸጥ ወይስ እንደ ድሮው ይቀጥል፣ ዛሬ ይለይለታል። ከተዘጋ እንግዲህ ባሌ፣ ከጉርምስናው ጀምሮ እዚያች ሱቅ ውስጥ ሌንስ ሲሞርድ የኖረ ሰው፣ ማለዳ ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ እኔ አላውቅም። ግን እኔ ምን አገባኝ? እኔ የልጅ ሚስት ነኝ። እርስዎና አባባ ያውቃሉ። አባባም ቢሆኑ እርስዎ ፊትዎን ወዳዞሩበት ነው የሚያዞሩት፣ ይሄንን ሠፈሩም ያውቀዋል።

ስለዚህ የእኛን ጉዳይ እንተወውና እሳቸው እስኪመጡ ስለ አንድ ሰው ላጫውትዎ። አያውቁትም። እኔም ስሙን ረስቼዋለሁ። የሚገርምዎት፣ እሱም እንደ እኛ የመነጽር ሱቅ ካለው ቤት ነው የተወለደው። ምን ይደረግ፣ ግጥምጥሞሽ ነው፤ መነጽር ቤት እንደሁ ሞልቷል። ሌንስ የሚሠራ ታላቅ ወንድምም አለው። ይሄም ያለ ነው። የወንድሙ ሚስት ደግሞ አፏ ክፉ የማያወጣ፣ የዋህ ሴት ናት አሉ። እናቱ… እናቱማ ልጆቿን እኩል ነው የምትወደው ይባላል።

ያ ሰው እንዴት ያለ ጎበዝ መሰለዎት! ተምሯል፣ ሠልጥኗል፣ ዲግሪውን በመስታወት አስገብቶ ሳሎን ከግድግዳ ሰዓቱ ሥር ሰቅሎታል፤ ሰዓት ለማየት ቀና ያለ እንግዳ ሁሉ አንብቦት ይወጣል። ትሕትናው ደግሞ! «እኔ ምንም አላደረግኩም፣ ቁጥሮቹ ናቸው የሚናገሩት» ነው የሚለው። ቁጥሮቹ እንዲናገሩ ግን መጀመሪያ ሌላውን ሰው ሁሉ ዝም ያሰኛል። ሥራ ነዋ።

ታዲያ አንድ እሑድ ቤተሰቡን ሰበሰበና ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ «የሱቁን ድረ ገጽ ምን እንዳደረስኩት እዩ» አላቸው። አናሊቲክስ የሚሉት መሣሪያ አለ እኮ እማማ። ድረ ገጹን ስንት ሰው እንደከፈተው፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየበት፣ የቱን ቦታ በጣቱ እንደነካ፣ የቱ ጋ ተማሮ እንደወጣ ቁጭ አድርጎ የሚያሳይ ነው። ይሄ ነገር ጥሩ ነው፣ አልቀልድም። ሱቅ የገባ ደንበኛ ፊቱ ሲጨልም አይተን «ምን ላምጣልዎ?» እንላለን፤ ኢንተርኔት ላይ ፊት የለም፤ ስለዚህ መሣሪያው የሰውየውን ፊት ይነግረናል ማለት ነው። ሰሚ ካገኘ።

ግራፉ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ… የቴሌቪዥኑን ጫፍ ዘሎ ጣሪያው ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም አሉ። አባቱ አጨበጨቡ። እናቱ እንባዋን ጠረገች። ታላቅ ወንድሙም አጨበጨበ፣ የዋህ ነዋ፤ የሚጨበጨበው ለምን እንደሆነ ገና አልገባውም ነበር። «ሰው እኛ ገጽ ላይ በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ይቆያል!» አለ ጎበዙ። «ሌላው ቤት ብልጭ ብሎ ነው የሚጠፋው፣ እኛን ግን ወደውናል!»

ዘጠኝ ደቂቃ! እኔ እንግዲህ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ አማካይ የሚባለውን በየዓመቱ አስተምራለሁ። የእኔ ተማሪዎች እንኳ አንድ ቁጥር በጣም ሲበዛባቸው «መምህር፣ ይሄ ለምን ሆነ?» ብለው እጃቸውን ያወጣሉ። ልጆች ስለሆኑ ነው። ትልቅ ሰው አይጠይቅም፣ ትልቅ ሰው ይደሰታል። ለመሆኑ እማማ፣ ሰው አንድ ቤት ገብቶ ዘጠኝ ደቂቃ የሚቆየው ቤቱን ስለወደደው ብቻ ነው? መውጫው ጠፍቶበትስ ቢሆን?

እንዲህ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ያሉት አንዲት ደንበኛ ናቸው። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዓይናቸው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንቢ ብሏቸው መነጽር የሚፈልጉ። ስልካቸውን እንደ ትኩስ ድንች ይዘው ሱቁ በር ላይ ቆሙና «ልጄ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ከእናንተ ገጽ አውጣኝ!» አሉ አሉ። ጠዋት ነው የገቡት። መነጽር ሊያዙ ብለው ገብተው፣ ማዘዙም መውጣቱም ጠፍቷቸው፣ ሲንከራተቱ አርፍደው፣ በመጨረሻ በእግራቸው መጡ። ታላቅ ወንድምየው ገጹን ዘጋላቸው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል አስነበባቸው፣ ፍሬሙን አፍንጫቸው ላይ አስተካከለ፣ በቃ። ሲወጡ የሱቁን ጣሪያ አይተው «አሃ፣ ጥግ ላይ ሸረሪት አለባችሁ» ብለው ሄዱ። ይሄ ግን ግራፍ ላይ አይወጣም።

ገጹን አይተውታል? አይ፣ የዚያን ሰው ማለቴ ነው። ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ቪዲዮ ነው። ያ ሰው ራሱ መነጽር አድርጎ ከመኪና ይወርዳል። መኪናው የጓደኛው ነው። ከዚያ ኮቱን ይቆልፋል፣ ከዚያ ወደ ሩቅ ይመለከታል… ሩቅ ምን እንዳለ አልተገለጸም። ቪዲዮው ከባድ ነው፤ ብዙው ሰው ስልክ ላይ አንድ ክብ ነገር እየዞረ፣ እየዞረ ይቀራል። መሣሪያው እንኳ አላስችል ብሎት «ገጻችሁ ቀርፋፋ ነው፣ ሰው ሳይከፈትለት ተስፋ ቆርጦ እየሄደ ነው፣ ቪዲዮውን አንሱት» ብሎ ጽፎለታል። አላነሳውም። «ውበት ትዕግሥት ይፈልጋል» አለ። እውነቱን ነው! ፊቱን ለማየት ሰው ትንሽ ቢጠብቅ ምን አለበት? የታደለ ፊት ነው።

ጽሑፉስ! ፊደሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ መልኩ አመድ፣ የተጻፈው ነጭ ላይ። «ዘመናዊ ዲዛይን ነው» ይላል። ይሁን፤ እኔ ዲዛይን አላውቅም። ግን እማማ፣ ወደ መነጽር ሱቅ የሚመጣው ማን ነው? ዓይኑ እንደ ንስር የሆነ ሰው ነው? ገጹን ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል፣ መነጽሩን ለማዘዝ ገጹን ማንበብ ያስፈልጋል። ይሄን ለማሰብ እኮ ተራ ጭንቅላት አይበቃም! «ዓይን ካላየ ልብ አያዝንም» ይሉ ነበር ሰዎች፤ የእሱ ደንበኞች ግን ዓይናቸው ስላላየ ነው ያዘኑት።

ቆይ፣ ዋናውን አልነገርኩዎትም። የሙቀት ካርታ የሚባል አለ መሣሪያው ላይ። ሰው በጣቱ ደጋግሞ የነካው ቦታ ቀይ ይሆናል፣ ያልነካው እንደቀዘቀዘ ይቀራል። እኚያ ልብስ ሰፊ መነጽሩን ሊያዙ ፎቶውን ሲነኩት፣ ሲነኩት… ፎቶ ነው፣ ምን ይከፈታል? በአውራ ጣት ሞከሩት፣ በሌባ ጣት ሞከሩት፣ በመጨረሻ በመርፌ ቁልፍ ጭራ ሁሉ ጫን ጫን አደረጉት። ማዘዣው ከታች ነው፣ በዚያው በአመዱ ፊደል። እንደሳቸው ያለው ሁሉ ፎቶውን ሲደበድብ ሰንብቶ፣ እሑድ ቴሌቪዥኑ ላይ ፎቶው ፍም መስሎ ወጣ። ጎበዙ ታዲያ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «እዩት፣ እንዴት በፍቅር እንደሚነኩት!»

እኔም አንድ ጊዜ በሩ የተቆለፈበት ጎረቤት ነበረኝ። በሩን እንዴት በፍቅር እንደሚነካው ባዩ! በጫማው ሁሉ ነበር የሚወደው።

ሻይ ልድገምዎ? ትንሽ ብቻ። ልጅዎ ምነው ቀና አለ? አንገቱ ደክሞት ነው። አይዞህ፣ በርታ… አይሰማኝም ለካ።

የት ደረስኩ? አዎ፣ ታማኟ ጎብኚ ጋ። ያ ሰው በጣም የኮራባት አንዲት ጎብኚ አለች። ማን እንደሆነች አያውቅም፤ መሣሪያው ስም አይናገርም፣ ጨዋ ነው፣ እንደ እኔ። ግን በአሮጌ ስልክ፣ ከዚያው ከሠፈሩ፣ በየማለዳው ሳታሰልስ ትገባለች፤ ቪዲዮው ጋ ትደርስና እዚያው ትውላለች። «እንዲህ ያለ ደንበኛ የትም አይገኝም» አለ። እውነት ነው፣ የትም አይገኝም። እናቱ ናታ! ማለዳ ስትነሳ ልጇ ከመኪና ሲወርድ ማየት ትወዳለች። ታየዋለች፣ ትመርቀዋለች፣ ከዚያ ስልኳን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ሸለብ ያደርጋታል። ስልኳ ቶሎ ቶሎ እየጠፋ አስቸገረኝ ብላ እንዳይጠፋ አድርጎ ያስተካከለላት ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ከመቶ ሰው ብዙው ክቡ ሲዞር ትቶ ይሄዳል፣ ጥቂቱ ፎቶ ሲደበድብ ያረፍዳል፣ አንዷ ገጹን ከፍታ ትተኛለች፤ ሲደመር ሲካፈል ዘጠኝ ደቂቃ። አማካይ እንደዚህ ነው እማማ፣ የተኛውንም ወዳጅ ብሎ ይቆጥራል።

የእናት ነገር መቼም… አልፈርድባትም። ምን ታድርግ፣ ዓይኗ ነው። ግን አንዳንዴ ሳስበው፣ ያቺ እናት ታች ያለውን ልጇን ለማየት ስንቴ ወረደች? አይ፣ ጉልበቷ ነው፣ ጉልበቷ። ደረጃው ከባድ ነው። ስልክ ደረጃ የለውም።

«ሽያጩስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር እሑድ ዕለት። ያቺው የዋህ ያልኩዎት የወንድሙ ሚስት ትመስለኛለች። እንዴት አዩአት መሰለዎት! በለቅሶ ቤት የሳቀች ነው የመሰለችው። «ሽያጭ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው» አላት፣ በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባል የለ? እሱ ላሟን ከሰማይ አውርዶ ቴሌቪዥን ላይ አቆማት፤ ቀንዷ ይቆጠራል፣ ጭራዋ ይለካል፣ ግራፏ ያምራል። ወተቱ ብቻ ነው ያልታየው። እሱ ደግሞ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው።

አሁን የምነግርዎት ግን ትንሽ ቅር ይላል። ድረ ገጹ ላይ ድሮ የሱቁ ስልክ ቁጥር ነበረ፣ በትልቁ፣ ከላይ። ሰው ፊደሉ ቢጠፋው ይደውላል፤ ወንድሙ አንስቶ «የትኛው ዓይንዎ ነው? ሲያነቡ ነው ወይስ ሲሄዱ?» ብሎ ጠይቆ ይጨርስለታል። ጎበዙ ቁጥሩን አነሳው። «ዲዛይኑን ያቆሽሻል» አለ። የሱቁን አድራሻም ከገጹ መጨረሻ፣ ከታች፣ ከዚያም ታች አስቀመጠው። እኔ ስልኬ ላይ አጉልቼ አጉልቼ ነው ያገኘሁት… ያቺ ሴት ማለቴ ነው፣ እሷ ናት ያገኘችው። ከዚያ ወዲህ የሱቁ ስልክ ዝም አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ከተባለ እንግዲህ ሀብታም ሆነዋል። ወንድምየው ተበላሽቶ ይሆን ብሎ እጀታውን ያነሳና ጆሮው ላይ ያደርገዋል። ድምፅ አለው። መልሶ ያስቀምጠዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያነሳዋል።

እሑድ ታዲያ ከግራፉ ቀጥሎ ምን መጣ? «ሱቁ ሞቷል» የሚል መጣ። «ስልክ እንኳ የሚደውልለት የለም፣ ሰው ሁሉ ወደ ድረ ገጹ ገብቷል፣ እንዝጋው።» በሩን በውጭ ቆልፎ «ይሄ ቤት እንግዳ አይረግጠውም» ብሎ እንደማዘን ነው። አባቱ ያችን እሑድ «ላስብበት» አሉ። አውቆ ነው ያደረገው እያልኩ አይደለም፣ እማማ! እንዴት አውቆ? በገዛ ወንድሙ? ከአንድ ማሕፀን ወጥቶ? ዲዛይን ነው እንጂ፣ ዲዛይን።

ብቻ… ማክሰኞ ዕለት አንድ አናጢ ሜትር ይዞ መጥቶ የሱቁን መስኮት ሲለካ ነበር። «ምን ፈለግክ?» ሲባል «የጠረጴዛ ትእዛዝ አለብኝ፣ ለአለቃው፣ ከመስኮቱ ሥር የሚገባ» አለ። ለየትኛው አለቃ? ሱቁ ተዘግቶ ሁሉ ነገር ኢንተርኔት ላይ የሚሆን ከሆነ መስኮት ያለው ክፍል ለማን ነው? ኢንተርኔት መስኮት ያስፈልገዋል እንዴ? እኔ አላውቅም፣ የምጠይቀው ለማወቅ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ደጃፉ ራሱ ተቆርጦ ሲወሰድ ግን የሰማሁት በዚያ ሰው ቤት ነው። ደግሞ ወንድምየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሜትሩን አንዱን ጫፍ ያዘለት። «ብቻህን አይመችህም» ብሎ! ለካ የራሱን መቀመጫ ነው የሚያስለካው።

ትናንት ደግሞ ባሌ የሌንስ መሞረጃውን ዘይት ቀብቶ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለው። ሳይነግሩት። ገና ቃል ሳይሰጥ። እኔ ምሳ ይዤለት ስገባ ጨርቁን በገመድ እያሰረ አገኘሁት። «ምን እያደረግክ ነው?» ስለው፣ «አቧራ እንዳይገባው ነው» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ስልክ ቁጥሩን ማን እንዳነሳው ያውቃል እኮ! ነገርኩት፣ አሳየሁት። «ለአባባ ንገራቸው» ስለው፣ «ወንድሜን አባቴ ፊት አላዋርድም» አለ። አላዋርድም! ተቃጠልኩ እማማ፣ አንጀቴ ነው ያረረው! እሱ ወንድሙን ላለማዋረድ አፉን ይዘጋል፣ ወንድሙ እሱን በቁጥር ያባርረዋል፣ ቤቱ በሙሉ ያጨበጭባል! እኔም ቁጭ ብዬ አጨብጭቤ ነበር እኮ፣ እጄን በቆረጠው!

…

አይ፣ ይቅርታ። ጮህኩ እንዴ? ምን ነካኝ። ስለዚያ ሰው ቤት እያወራሁ የእኛን ቀላቀልኩት። መመሳሰሉ ነው ያሳሳተኝ። ሻይዎ ቀዘቀዘ፣ ይጠጡት እንጂ። ለምን አቀረቀሩ? ጉልበትዎ ነው? ላሽልዎ?

መሣሪያው ምን አጠፋ እማማ፣ መሣሪያው ላይ ክፉ አልናገርም። የሆነውን ሁሉ ነግሮታል። ቀስ ብሎ ላነበበው ሰው «እዚህ ጋ ሰው እየተጨነቀ ነው፣ እዚህ ጋ በሩ ጠፍቶታል፣ እዚህ ጋ ማንበብ አልቻለም» ነው የሚለው። ቪዲዮውን ማንሳት፣ ፊደሉን አጥቁሮ ማጉላት፣ ፎቶው ሲነካ ማዘዣው እንዲከፈት ማድረግ፣ ስልክ ቁጥሩን ወደ ቦታው መመለስ። አንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈጅ ሥራ ነው አሉ፣ ያውም ሻይ እየጠጡ። ያኔ ደንበኛው ይገባል፣ ያዛል፣ ካቃተው ይደውላል፣ ወንድምየው ታች ሌንሱን ይሠራል፣ ጎበዙ ላይ ሆኖ ያሳድጋል፤ ሁለቱም ይኖራሉ። ችግሩ ምን መሰለዎት? ሰው ጉዳዩን ቶሎ ጨርሶ ስለሚወጣ ዘጠኙ ደቂቃ ወደ ሁለት ይወርዳል። ፍሙም ይጠፋል። ግራፉ ቁልቁል ይመጣል። ግራፍ ሲወርድ ደግሞ ማን ያጨበጭብለታል? ለሰው ልጅ ጭብጨባም ያስፈልገዋል፣ እንጀራ ብቻ አይደለም።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚሉ ክፉ ሰዎች አሉ። አያውቁትም! ያ ሰው ያቦካው ለእራትም ለቁርስም ተርፎ ቤተሰቡን በሙሉ ሆዱን ነፍቶታል።

እንዴ፣ ላፕቶፑ ተዘጋ? ማዳመጫውንም አውልቋል። ደክሞታል የኔ ጌታ፣ ሥራ በዝቶበት ነው። ና ቁጭ በል፣ ሻይ ልቅዳልህ? ስለ አንድ የማናውቀው ሰው ነበር የምናወራው፣ ምንም አላመለጠህም። እማማም የሚያውቁት ሰው አይደለም።

ይስሙ፣ በሩ ተከፈተ ታች። የአባባ ሳል ነው። ከባሌ ጋር ሰላም እየተባባሉ ነው፣ አሁን ይወጣሉ። መቼም መጀመሪያ እርስዎን ነው የሚያዩት፤ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ማለታቸው አይቀርም። እኔ እንዲህ ይበሉ አልልም። የእኔ ነገር እንደሆነ ወሬ ነው፣ የሻይ ማጣጫ።

ለዚያ ሰው ግን ክፉ አልመኝለትም፣ ፈጣሪ ምስክሬ ነው። አንጀቴ አይችልም። እንዲያውም ልመርቀው፣ እርስዎም ያግዙኝ። ጥሩ ትዳር ይስጠው። ቤቱ ይሙላ፣ ደጁ ይስፋ። ዕድሜውን እንደ እርስዎ፣ እንደ አባባ ያርዝምለት፤ ልጆቹን አሳድጎ፣ ቤቱን ለልጆቹ አውርሶ፣ እንዲህ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ እርስዎ የሚያዩትን ለማየት ያብቃው። ሁለት ወንዶች ልጆች ይስጠው፣ ጤነኞች፣ ከአንድ ማዕድ የሚቆርሱ። ታላቁ እጁ ሥራ የሚያውቅ፣ ዝምተኛ፣ ወንድሙን የማያዋርድ ይሁንለት። ታናሹ ደግሞ… ታናሹ ቁርጥ አባቱን ይምሰል።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እማማ።